ጨው ወደ ቦር፣ ዓሣ ወደ ጁባ

ጁባ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ውሃ ቦቴ ነዳሁ። ጠዋት ከወንዙ ዳር ተሰልፌ እቀዳለሁ፣ ለሆቴሎችና ለመኖሪያ ግቢዎች አከፋፍላለሁ፣ ማታ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክባለሁ። በሰባተኛው ዓመት የራሴን መኪና ገዛሁ። አሥር ቶን የምትጭን አሮጌ የጭነት መኪና ናት፤ ጋቢናዋ ነጭ፣ የግራ ስፖንዳዋ ሁለት ቦታ የተበየደ፣ ሞተሯ ግን ጤነኛ። የሸጠልኝ ሰው ቁልፉንና ወረቀቱን ሰጥቶኝ ሲሄድ ሞተር ሳላስነሳ ጋቢና ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ወንበሩን ወደፊት ሳብኩት፣ ወደኋላ ገፋሁት፣ መስታወቱን ለእኔ ቁመት አስተካከልኩ። በቦቴው ላይ ከሌላ ሹፌር ጋር በፈረቃ ስለምንሠራ መስታወቱ አንድም ቀን እንዳስተካከልኩት አይቆየኝም ነበር።

ባለቤቴ ማላኪያ ሰፈር አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ታበስላለች። ሥራዋን ጨርሳ በቦዳ ቦዳ፣ በሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ መጥታ መኪናዋን አየች። አንድ ጊዜ ዞረቻት፣ ጎማዎቹን በእግሯ መታ መታ አደረገች፣ ሸራውን ገልጣ ውስጡን ተመለከተች። ከዚያ «ነገ ምንድን ነው የምትጭነው?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። መኪና ለመግዛት ስሯሯጥ መኪናዋ ምን እንደምትጭን አንድም ቀን አላሰብኩም። ቦቴ ሲነዱ ውሃ ፈላጊው ራሱ ይደውላል። ጭነት የሚፈለግ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጀበል ገበያ አጠገብ የጭነት መኪኖች ወደሚቆሙበት ሜዳ ሄድኩ። ሹፌሮቹ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ደላሎቹ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ተራ አለ ይባላል፤ ግን ተራው ለደላላው ወዳጅ ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ ሌላው የጠላው ነው። አሸዋ ወደ ጉደሌ ሰፈር፣ ጡብ ወደ አዲስ ግንባታ፣ ቤት የሚቀይር ሰው አልጋና ቁም ሣጥን። አንድ ጊዜ የሠርግ ወንበሮች ጭኜ ሄጄ፣ ሠርጉ እስኪያልቅ ውጭ ቆሜ ጠብቄ፣ ያንኑ ወንበር ጭኜ ተመልሻለሁ። ሥራ አልጠፋም። ቀኑን ሙሉ እሽከረከራለሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ናፍጣው ሁሉንም ይበላዋል። የመጀመሪያው ወር እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ከጉደሌ ባዶዬን ስመለስ፣ የኋላው ሰንሰለት ስፖንዳውን እየመታ ሲንቋቋ ሰማሁና የነዳሁትን መንገድ ሁሉ በሐሳቤ ቆጠርኩት። ግማሹን የነዳሁት ባዶዬን ነው።

ከዛፉ ሥር ከሚቀመጡት መካከል አንድ የአገሬ ሰው፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ በወጣትነታቸው የአሰብን መንገድ የነዱ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ስለ ባዶ መመለሴ ሳማርር አዳመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ደላላው የሚሰጥህ ሌላ ሰው ያልፈለገውን ነው። ጥሩ ጭነት እዚህ ዛፍ ሥር አይመጣም። ተነሥተህ ፈልገው። ስትሄድ ምን እንደምትጭን ብቻ ሳይሆን ስትመጣ ምን እንደምትጭን አስቀድመህ እወቅ።»

ምክሩ ትክክል መሰለኝ፤ ግን ከየት እንደምጀምር አልገባኝም። መጀመሪያው ራሱ መጣልኝ።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ አንድ ማለዳ ከባለቤቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር። ስዘጋ አንዲት ረጅም ሴት ከፊቴ ቆማ አየሁ። ትከሻዋ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ቋጥራለች፤ በአለባበሷ ከዚሁ አገር ሴቶች አንዷ ናት። አፏን የከፈተችው ግን በአማርኛ ነው።

«ወንድሜ፣ መኪናው ያንተ ነው ወይስ የሰው?»

«የራሴ ነው» አልኳት። ቃሉን ገና አፌ አልለመደውም ነበር።

«ጥሩ። እንግዲያው አለቃዬን ልጠይቅ አትለኝም።»

ጋምቤላ ነው ያደገችው፤ እዚያው ተምራ፣ እዚያው ወልዳ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አገሯ ተመልሳለች። አሁን ከጁባ በስተሰሜን ወንዙ ዳር ባለችው ከተማ በቦር ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና ከዓሣ አጥማጆች ትገዛለች፣ ጨው ታሽበታለች፣ አድርቃ ለጁባ ትሸጣለች። ከጀይክ የሚሉት ደረቅ ዓሣ ነው። ችግሯ መኪና ነው። ሹፌሮቹ ሽታውን ይፈሩታል። ዓሣ የጫነ መኪና ከዚያ በኋላ ዱቄት የሚጭንለት የለም። እሺ ያለው ደግሞ ልብ የሚያደርቅ ዋጋ ይጠራል፤ እሱም ቢሆን በቀጠሮው አይመጣም። ዓሣው ተቆልሎ ሲቆይ ነቀዝ ይገባበታል። በዚያን ዕለት ጠዋት ብቻ አራት ሹፌር ጠይቃ አራቱም ስቀውባታል።

የምትከፍለውን ነገረችኝ። ለመምጫ ብቻ ጥሩ ነው፤ ባዶዬን እስከ ቦር ሄጄ ለማምጣት ግን አያዋጣም። ይህንኑ ነገርኳት። ወደዚያ የሚሄድ ነገር አላት ወይ ስላት፣ ሠላሳ ኬሻ ጨው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ሠላሳ ኬሻ የመኪናዬን ወለል እንኳ በቅጡ አይሸፍንም።

«ሌላውን አንተ ፈልግ» አለችኝ። «ሹፌር አይደለህ? እስከ ነገ ማታ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ ካላስ፣ በቃ።»

ስልክ ተለዋውጠን ሄደች። መኪናዋን እዚያው ቆልፌ በቦዳ ቦዳ ከተማውን ማሰስ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ቀን ከዚያ በፊት አላሳለፍኩም። ስድስት ዓመት የኖርኩበት ከተማ ያን ቀን ሌላ ሆኖ ታየኝ። የግንብ አጥር ሲታየኝ ከኋላው ምን ተከምሮ ይሆን እላለሁ። ማላኪያ ውስጥ የጅምላ ሱቆችን በየተራ ጠየቅሁ። ሳሙና ወደ ቦር? ማፊ፣ የለም። ስኳር? የራሳቸው መኪና አላቸው። ቆርቆሮ? ባለፈው ሳምንት ሄደ። አንድ የአገሬ ሰው የሆነ ባለ ሆቴል ደግሞ ሻይ ጋበዘኝና ስለ ጄኔሬተሩ ብልሽት ረጅም ታሪክ ነገረኝ፤ ቦር የሚልከው ነገር ግን አልነበረውም። ፀሐይዋ አናቴን ስትበላኝ ዋለች። ቢሆንም አልደከመኝም። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ግቢ ውስጥ የእኔ ጭነት ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ምሳ ሰዓት ባለቤቴ ወደምትሠራበት ምግብ ቤት ገባሁ። ሽሮ አቅርባልኝ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ወደ ማድ ቤት ልትመለስ ስትል ቆም አለች። አንድ አናጢ አለ፣ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚበላው፣ አለችኝ። የሠራው የትምህርት ቤት ወንበር ግቢውን ሞልቶበት መሥሪያ ቦታ እንዳጣ በየቀኑ ያማርራል። ትምህርት ቤቱ የት እንደሆነ አታውቅም፤ ከከተማ ውጭ መሆኑን ብቻ ሰምታለች። የአናጢው ግቢ ካቶር ሰፈር ነው።

ሽሮውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ግቢውን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ገብቼ ሳይ፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ጋር የተያያዙ የተማሪ መቀመጫዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ ላስቲክ ተወጥሯል። አናጢው በቀረችው ጠባብ ቦታ ተቀምጦ ጣውላ ይልጋል። ሰላምታ ሰጠሁት፤ በዓረብኛ ኬፍ፣ ተማም ተባባልን። ወንበሮቹ ወዴት ነው የሚሄዱት አልኩት።

«ቦር» አለኝ።

 ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይብኝ ጎንበስ ብዬ የአንዱን ወንበር እግር መረመርኩ። ወንበሮቹ ከተሠሩ ወር አልፏቸዋል። ባለ መኪኖች የሙሉ መኪና ዋጋ ጠየቁ፤ ትምህርት ቤቱ ያን ያህል የለውም። አንዱን ወንበር ብድግ አደረግሁት። ቀላል ነው፤ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም። ጨው ደግሞ ከባድ ነው፤ ቦታ አይፈልግም። ሚስማር አንሥቼ መሬቱ ላይ የመኪናዬን ሣጥን ሣልኩ። ጨው ከታች፣ በላዩ ሸራ፣ ከዚያ ወንበሮቹ አንዱ ቀና አንዱ ተገልብጦ እግር ለእግር ተቆላልፈው። በስንዝር ለካሁ፣ በገመድ ደግሜ ለካሁ። አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ራሱም ይለካ ጀመር። እንዲያውም በእኔ ድርደራ ላይ አንድ ረድፍ ጨመረበት።

ከሙሉ መኪና ዋጋ ግማሹን ብቻ ማስከፈል እችል ነበር፤ ያንኑ ጠየቅሁ። አናጢው ለርዕሰ መምህሩ ደውሎ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈተው። ሰውየው በእንግሊዝኛ ዋጋውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቼ ትደርሳለህ?

ለሴትየዋ ደወልኩላት። «ጨውሽን ግዢ» አልኳት።

በማግስቱ ስንጭን ዋልን። ገመዱን ያሰርነው ከጋሼ ጋር ነው። ሳልጠራቸው መጥተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በአሰብ መንገድ የተማሩትን አስተሳሰር አሳዩኝ። አንደኛው ደላላ ሊያይ መጥቶ ጭነቱ ከፍታው በዛ፣ ይገለበጥብሃል አለኝ። ጋሼ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ክብደቱ ሁሉ ከታች መሆኑን እኔ ነኝ ያስረዳሁት። ሳስረዳው ድምፄ ውስጥ የነበረውን ኩራት ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ሲነጋ ድልድዩን ተሻገርን። ወንዙ ሙሉ ነበር፤ ቡናማ ውሃው ከድልድዩ ሥር ቅጠልና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ያልፋል። ሴትየዋ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ ስለ ጋምቤላ ታወራኛለች፤ እዚያ ሳለች ከአማርኛ አስተማሪዋ ጋር እንዴት እንደምትጣላ፣ አሁን ግን ሒሳብ ስታስብ በአማርኛ እንደምታስብ። መንገዱን ብቻችንን እንዳንሄድ ከሁለት ሌሎች መኪኖች ጋር ተከታትለናል። ከተማውን እንደወጣን ባለው ኬላ አንድ ወታደር ሸራውን አስገለጠኝ። ወንበሮቹን ሲያይ ለማን ናቸው አለኝ። ለትምህርት ቤት ስለው የአንዱን ጠረጴዛ ጫፍ በመዳፉ ደባበሰና እለፍ አለኝ።

ሞንጋላ የሚሏትን መንደር ካለፍን በኋላ ግን መንገዱ ተበላሸ። የመጨረሻው ዝናብ አንድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መንገዱን አጨቅይቶት፣ ከፊታችን የነበረው መኪና እስከ አክስሉ ገብቶ ቆሟል። ወርጄ በዱላ እየወጋሁ ጭቃውን ከዳር እስከ ዳር በእግሬ ፈተሽኩት። በቀኝ በኩል ሣር የበቀለበት ጠንከር ያለ ቦታ አገኘሁ፤ ግን ወደ ጎን ያዘነብላል። ሴትየዋን ውረጂና በእግርሽ ተሻገሪ አልኳት። እምቢ አለች። ሠላሳ ኬሻ ጨዌ እዚህ ላይ እያለ የት እሄዳለሁ ነው ያለችኝ።

አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። በእንዲህ ያለ ጭቃ አንዴ ከገቡ እግርን ከነዳጁ ማንሣትም ነዳጅ ማብዛትም የለም። መኪናዋ ወደ ቀኝ ዘመም ስትል በላያችን ወንበሮቹ ሲንቋቁ ይሰማናል። የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ተንሸራተተ። መሪውን አጥብቄ ይዤ ፍሪሲዮኑን ሳልነካ ጠበቅሁ። ጎማው መሬት ቆነጠጠ። ደረቁ ላይ ስንወጣ ሴትየዋ በሁለት እጇ ዳሽቦርዱን መታ መታ አድርጋ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሁለታችንም ለምን ያን ያህል እንደሳቅን አላውቅም። ተመልሼ የተያዘውን መኪና በገመድ ጎትቼ አወጣሁት። ሹፌሩ ላቡን እየጠረገ ሙሉ ጀሪካን ውሃውን ሰጠኝ።

ቦር ስንደርስ ቀድመን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። መምህራኑና ወላጆቹ ተቀባብለው ወንበሮቹን አወረዱ። ሁለት እግሮች ብቻ ተነቃንቀዋል፤ አናጢው ይህን ገምቶ ሚስማር ሰጥቶኝ ስለነበር እዚያው መታሁላቸው። ርዕሰ መምህሩ ደረሰኝ የሚጽፍበት ሲፈልግ ቆየና አንዱን ወንበር ግቢው መሃል አስቀምጦ ተቀመጠበት። ትልቅ ሰው ነው፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎት ወደ ጎን አውጥቶ ነው የጻፈልኝ። ክፍያውንም እዚያው ሰጠኝ።

ከዚያ ወደ ወንዙ ዳር ወረድን። ሴቶቹ ዓሣውን በምንጣፍ ጠቅልለው፣ በገመድ አሥረው ቆልለውታል። ሽታው ከሩቅ ተቀበለኝ። መጀመሪያ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ረሳሁት። ጨዋቸውን ሲያዩ እያንዳንዷ ኬሻዋን ለየች፤ ከዚያ የማን ዓሣ ከሥር ይጫን በሚለው ለረጅም ሰዓት ተከራከሩ። ከታች ያለው ይጨፈለቃል፣ ከላይ ያለው ፀሐይ ይመታዋል። በመጨረሻ እኔን ዳኛ አደረጉኝ። የከበደው ከሥር ይሁን ብዬ ፈረድኩ፤ ከባዱ የማን እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም ነበር። ከባዱ የጋምቤላዋ ሴት ሆኖ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ሰደበችኝ፤ እሷ ስትሰድብ ሌሎቹ ባይገባቸውም ይስቃሉ።

ጁባ ስንመለስ ዓሣ ነጋዴዎቹ ገበያው በር ላይ ነበሩ። መኪናዋ ሳትቆም ስፖንዳውን ይዘው አብረው ይሮጣሉ። የኪራዬን ከተቀበልኩ በኋላ የናፍጣውን ሳነሣ የተረፈኝ፣ ዛፉ ሥር ተቀምጬ በሁለት ሳምንት ከማገኘው በላይ ነበር። ቤቴ በር ላይ ባለቤቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ጠበቀችኝ። ከነልብሴ እንዳልገባ ነገረችኝ፤ ውሃ በባልዲ አወጣችልኝ። እኔ ስታጠብ እሷ ከአጥሩ ወዲያ ሆና የመንገዱን ሁሉ አስተረከችኝ። የአናጢውን ወሬ ያመጣችው እሷ ስለሆነች ከትርፉ ድርሻዬን እፈልጋለሁ አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሰጠኋት።

መኪናዋን ግን ማጠብ አልተቻለም። በሳሙና፣ በአመድ፣ በሎሚ ሞከርኩ። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ስፖንዳዋን ከፍቼ አቆምኳት። አንድ ዱቄት ነጋዴ ጭንቅላቱን ወደ ሣጥኑ አስገብቶ አሽትቶ ተመልሶ ሄደ። ደላሎቹም ከዚያ በኋላ ሳያዩኝ ያልፉ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት ተናድጄ ከስፖንዳዋ ጋር ስታገል ቆየሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ዱቄት ለምን እፈልጋለሁ? ሽታ የማይገባቸው ጭነቶች ሞልተዋል፤ ጨው፣ ወንበር፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ የአጥር ሽቦ፣ ብረት። ወደ ቦር የሚሄደውን ከእነዚህ እፈልጋለሁ። ስመለስ ደግሞ ዓሣ የሚጭን ሌላ ሰው የለም። ሌሎቹ የሸሹት ሽታ የእኔ ሥራ ሆነ። ይህን ባሰብኩ ጊዜ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ስልኬን ፈለግሁ።

የቦር ሴቶች በሳምንቱ ደግመው ጫኑ። ሌላ ትምህርት ቤት ወንበሮቹን አይቶ ለዚያው አናጢ አዘዘ፤ እሱም ሁለት ሠራተኛ ጨመረ፣ ግቢው ግን አሁንም እንደሞላ ነው። አንድ ቆርቆሮ ነጋዴ ወንበሮቹ ሳይሰበሩ መድረሳቸውን ሰምቶ ራሱ ደወለልኝ። ሁሉም ጉዞ አልተሳካም። አንድ ጊዜ ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ ሁለት ቀን መንገድ ላይ አስቀረኝ፤ ከጭነቱ ዓሣ እየጠበስን በላን፣ የበላነውን ሴቶቹ ከኪራዬ ቀነሱብኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሁለት ጎማ በአንድ ቀን ፈነዳብኝ። ግን ወደዚያ ስሄድ ሙሉ፣ ስመጣም ሙሉ ነበርኩ። የኋላው ሰንሰለት ሲንቋቋ መስማት ረሳሁ።

ከዛፉ ሥር ያሉት ሹፌሮች ይህንን ለማወቅ አልዘገዩም። ከስድስት ወር በኋላ ሦስት መኪኖች በቦር መንገድ ላይ ዓሣ ይጭኑ ጀመር፤ ዋጋውም ትንሽ ወረደ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ መንገዱ የእኔ ይመስለኝ ነበር። ለጋምቤላዋ ሴት ሳማርርላት፣ እኛማ ዓሣችን በቀጠሮው ከሄደልን ደስታችን ነው አለችኝ። እሷ በየሳምንቱ እኔን ትጠብቃለች፤ ሌሎቹ መኪኖች ከእሷ የተረፈውን ይወስዳሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ከቦር ስመለስ፣ ሞንጋላ ሳልደርስ መንገድ ዳር ሁለት ሴቶች ሸምበቆ ሲጎነጉኑ አየሁ። አጠገባቸው የአጥር ምንጣፍ ተጠቅልሎ እንደ ጥቅል ቆርቆሮ ቆሟል፤ ከኋላቸው ሌላ ክምር፣ ከዛፎቹ መሃል ደግሞ ሌላ። ጁባ ውስጥ ሰው በየቀኑ ቤት ይሠራል፤ ቤት የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ ያጥራል። መኪናዋን ወደ ዳር አወጣሁና ወርጄ ሰላም አልኳቸው። አንዱን ጥቅል አንሥቼ ክብደቱን ገመትኩ፤ ቀላል ነው፣ ከዓሣው በላይ ሊጫን ይችላል። ርዝመቱን በእርምጃ ለካሁ፣ ዋጋውን ጠየቅሁ። በሳምንት ስንት ትሠራላችሁ ስላቸው ተያዩ። ትልቋ መጎንጎኑን ሳታቆም፣ መኪና ካለ የመንደሩ ሰው ሁሉ ይሠራል አለችኝ።

ሐሙስ እመጣለሁ አልኳቸው። እስከ ጁባ ድረስ በየአጥሩ ጎን ሳልፍ ርዝመቱን በዓይኔ እየለካሁ ነዳሁ።